ኮሚክስን ማንበብና ማጣጣም፦ ባህር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ካፌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን ኮሚክስ የምናነብ ጥቂት ሰዎች አለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ ላይ ጽፌ ላስቀምጣቸው አልኩ። መልሶቹ የእኔ ናቸው። ጓደኞቼ በግማሹ አይስማሙም፤ እሱን ካፌው ስትመጡ ትሰሙታላችሁ።

ኮሚክስ ስትሉ ካርቱን ማለታችሁ ነው?

አይደለም። ካርቱን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቲቪ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ነው። ጋዜጣ ላይ የባለሥልጣን አፍንጫ ረዝሞ የሚወጣበት ነጠላ ሥዕልም ካርቱን ይባላል። ኮሚክስ ግን ተከታትለው የተቀመጡ ሥዕሎች ናቸው። ታሪኩ የሚሄደው ዓይናችሁ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው። ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረውም ይችላል።

የታተመ ኮሚክስ ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ ላይ ከሚነሱት ስሞች አንዱ ሮዶልፍ ቶፕፈር ነው። የጄኔቫ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የሚያስቁ ታሪኮችን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ እየሳለ፣ ከሥራቸው አጭር ጽሑፍ እያደረገ ያሳትም ጀመር። ሥዕሉ ያለ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው፣ ጽሑፉም ያለ ሥዕሉ እንደዚያው። ዛሬም ጥሩ ኮሚክስን ከቀሽሙ የምለይበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ታሪኩ ምንም ካልጎደለበት፣ ጽሑፉ ትርፍ ነበር ማለት ነው።

የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?

የልጆች የሆነ አለ፤ የልጆች ያልሆነ ደግሞ ሞልቷል። አሜሪካዊው አርት ስፒገልማን አባቱ ከናዚዎቹ የአውሽቪትዝ ካምፕ እንዴት እንደተረፉ በኮሚክስ ነው የነገረው። አይሁዶቹን አይጥ፣ ናዚዎቹን ድመት አድርጎ ሳላቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። ያንን ለልጅ ማታ ማታ አታነቡለትም።

የአህጉራችንን ከፈለጋችሁ ደግሞ የአይቮሪ ኮስቷ ማርጌሪት አቡዌ የጻፈችው፣ ክሌማን ኡብሬሪ የሳለው «አያ» አለ። ታሪኩ በ1970ዎቹ መጨረሻ አቢጃን ውስጥ፣ ዮፑጎን በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ሴት ልጆች ሕይወት ነው። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም። ፍቅር አለ፣ የጎረቤት ሐሜት አለ፣ ልጁ ሲዳር ማን ከማን ይዛመዳል እያለ የሚያሰላ ሀብታም አባት አለ። ለእኛ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው እሱን ነው። ሰፈሩን ያውቁታላ!

እኔ ጽሑፉን አንብቤ ቶሎ ነው የምጨርሰው። የሚቀርብኝ ነገር አለ?

ብዙ ይቀርባችኋል። ይሄ ልብወለድ ማንበብ የለመደ ሰው ችግር ነው። ዓይኑ ፊደል ካየ ሌላ አያይም። ከአንዱ ንግግር ወደ ሌላው እየዘለለ መቶ ገጽ በግማሽ ሰዓት ይጨርስና «ቀላል ነው» ይላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ገጹን ስገልጥ መጀመሪያ ምንም አላነብም። ሙሉውን ገጽ አየዋለሁ። የትኛው ሳጥን ትልቅ ነው? የትኛው ጠባብ ነው? ጨለማው የት ጋ ይበዛል? ከዚያ በኋላ ነው ከመጀመሪያው ሳጥን የምጀምረው። በየሳጥኑ መጀመሪያ ፊቱንና እጁን አያለሁ፣ ቀጥሎ ንግግሩን አነባለሁ። ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ ከሆነ፣ ደህና አይደለም። ሠዓሊው ይህን በጽሑፍ አይነግራችሁም።

የሳጥን መጠን ደግሞ ጊዜ ነው። ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረው ሲመጡ ነገሩ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል። አንድ ሰፊ ሳጥን ገጹን ሙሉ ሲይዝ ደግሞ ትቆማላችሁ። ጣናን በትንንሽ ሳጥን የሚስል ሰው ካያችሁ ወይ ችግር አለበት፣ ወይ ሆን ብሎ ነው። ሆን ብሎ ከሆነ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ደስ ይላል።

በሳጥኖቹ መሃል ስላለው ባዶ ቦታ ብዙ ይወራል። ባዶ ቦታ ምን ይወራለታል?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ እኔ ወንበሬን አስጠጋለሁ። የኮሚክስ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ሁለት ሳጥን አስቡ። በመጀመሪያው አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳው ላይ ተቀምጧል፤ ጣና ዳር ባለው በዘጌ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በሁለተኛው ሰውየው የለም። ታንኳዋ ብቻ አለች። እዚህ ጋ ሠዓሊው ታንኳዋን እንዴት እንዳስቀመጣት እዩ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ስለሚመጥ አስጋሪዎቻችን ሥራ ሲጨርሱ ታንኳውን ዳር አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። ታንኳዋ ዛፍ ተደግፋ ቆማ ከተሳለች ሰውየው በሰላም ገብቷል፤ አሁን እቤቱ እሳት ዳር ነው። ታንኳዋ ውሃው ላይ ብቻዋን ተጋድማ ከተሳለች ግን ሆዳችሁ ቡጭ ይላል።

ማዕበሉን ማንም አልሳለውም። መቅዘፊያው ከእጁ ሲያመልጥ አላያችሁም። እናንተ ናችሁ በራሳችሁ ጭንቅላት የሞላችሁት። በፊልም ቢሆን ዳይሬክተሩ ያሳያችኋል፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ኮሚክስ ላይ ግን ግማሹ ሥራ የአንባቢው ነው። ሁለት ሰው ያቺኑ ገጽ አንብቦ የተለያየ ማዕበል የሚያየው ለዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ ታንኳ ቆሞ እንደሚደርቅ የማያውቅ አንባቢ ሁለተኛውን ሳጥን አይረዳውም። የባህር ዳር ልጅ ግን ወዲያው ይገባዋል። ከእኛ አካባቢ የሚወጣ ኮሚክስ ቢበዛ የምመኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የጣና ገዳማት ሥዕሎች ኮሚክስ ናቸው ትላላችሁ? ነውር አይሆንም?

ኮሚክስ ናቸው አልልም። የተሳሉት ለጸሎትና ለትምህርት ነው፤ ቦታቸው ቤተ መቅደስ ነው፤ የሚሳለሟቸው ሰዎች አሉ። ይህን ማክበር ግድ ነው። ነገር ግን ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የመንገር ብልሃቱ አንድ ዓይነት ነው። ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያደገ ልጅ በኪዳነ ምሕረት በዓል ከእናቱ ጋር ዘጌ ሄዶ ግድግዳውን ሲያይ ካደገ፣ ኮሚክስ ማንበብ ሳያውቀው ተምሯል ባይ ነኝ።

ማስረጃዬን ላቅርብ። ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተስለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ተለጥፈዋል። በረድፍ በረድፍ ተከፋፍለዋል። አጠገባቸው በግዕዝ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል። ታሪኩን ለመከተል እግራችሁ መሄድ አለበት። ገጽ በመግለጥ ፈንታ መቅደሱን ትዞራላችሁ።

ሠዓሊዎቹ አንድን ሰው ደጋግመው ሲስሉ እንዳይጠፋብን ምልክት ሰጥተውታል። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቹና በነብሮቹ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በአንድ እግራቸው ትለያላችሁ። የዛሬ ኮሚክስ ሠዓሊም ገጸ ባሕሪውን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጃኬት የሚያለብሰው ለዚሁ ነው።

እሺ፣ ገዳም ስሄድ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ዓይን ቁጠሩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎቹ፣ ሰይጣናትና አሳዳጆች፣ በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ማንም ሳይነግራችሁ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ፈልጉ። የኪዳነ ምሕረትን ቃል ኪዳን ለማስረዳት የሚሳለው ዋናው ታሪክ እሱ ነው። ሰው የሚበላ ሰው ነው፤ 78 ነፍስ በልቷል፣ ቤተሰቡንም ጭምር። አንድ ቀን መንገድ ላይ በቁስል የተመታ የተጠማ ሰው ያገኛል። ያ ሰው በእግዚአብሔር ስም፣ በቅዱሳን ስም ይለምነዋል፣ እንቢ ይለዋል። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ትንሽ ውሃ ይሰጠዋል። በላዔ ሰብእ ይሞታል። ነፍሱ ሚዛን ላይ ትወጣለች። በአንዱ በኩል 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ እፍኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ሚዛኑ ወደ ውሃው ያዘነብላል።

አሁን ሠዓሊው ከዚህ ሁሉ ምን እንደመረጠ አስተውሉ። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ሲበላ፣ ሲያጠጣ፣ ሲመዘን ነው። የሰውየው ዕድሜ ሙሉ አልተሳለም። ከ78ቱ እያንዳንዱ አልተሳለም። ሦስት ቅጽበት፣ በቃ። የቀረውን መነኩሴው በዱላቸው እየጠቆሙ ይነግሯችኋል፣ ወይ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። የትኛውን ቅጽበት ልሳል፣ የትኛውን ልተው የሚለው ጥያቄ የኮሚክስ ሠዓሊም የየቀኑ ራስ ምታት ነው።

ጊዜ ካላችሁ ጣና ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን እዩ። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። እዚያ ንግሥቲቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ያሠራው ሰው ሥዕሉ ውስጥ ሲገባ እኔ ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል።

ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው የንግሥተ ሳባ ሥዕልስ?

እሱ እንደውም ከሁሉም በላይ ለኮሚክስ ይቀርባል! ያ በትንንሽ ሳጥኖች የተሞላው፣ ቱሪስት የሚገዛው ሥዕል። ብዙ ጊዜ 44 ሳጥኖች አሉት፣ እያንዳንዱ ጋ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። የሚጀምረው በዘንዶው ነው፤ መርዝ የበላች ፍየል ሰጥተው ይገድሉታል። ከዚያ ንግሥቲቱ፣ ነጋዴው፣ ጉዞው፣ ኢየሩሳሌም ይቀጥላል።

የግብዣውን ሌሊት በደንብ እዩት። ቅመም የበዛበት ምግብ ይቀርባል። መሐላ ይደረጋል፤ ንጉሥ ሰሎሞን በግድ ላይነካት፣ እሷም ከቤቱ ምንም ላትወስድ። ከዚያ አልጋ፣ ውሃ፣ ጥም። እጇ ወደ ውሃው ሲዘረጋ ምን እንደሚመጣ ገና ሳጥኑን ሳታልፉ ታውቃላችሁ። ያ የውሃ ዕቃ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ መሐላውን የሚያፈርሰው እሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ገብታችሁ ባለሱቁ ዋጋ ሲጠራ፣ እናንተ ቆማችሁ አንብቡት። ትንሽ ይገላምጣችኋል፤ ቻሉት።

ጥሩ ሥዕል ማለት እውነተኛውን ሰው የሚመስል አይደለም?

አይደለም። ለታሪኩ የሚመች ነው። ሁለት ነጥብና አንድ ሰረዝ የሆነ ፊት ከተራቀቀ ፊት በላይ ሊያስለቅስ ይችላል። የገዳማቱ ትልልቅ ዓይኖች እውነተኛ ዓይን አይመስሉም፤ ግን ከሩቅ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ያዩአችኋል።

ማንጋ፣ የጃፓኑ ኮሚክስ፣ ለምን ከኋላ ይጀምራል?

ለጃፓኖች ኋላ አይደለም። በባህላዊው አጻጻፋቸው መስመሩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መስመሮቹም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ሳጥኖቹም ያንን ይከተላሉ። ጥቂት ገጽ ካነበባችሁ ዓይናችሁ ይለምዳል። የእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ በአማርኛ የሚሠራ ኮሚክስ መገልበጥ የለበትም። አንዳንድ ጀማሪዎች ማንጋ ስለወደዱ ብቻ ይገለብጡታል፤ አቦ ተዉ።

በአማርኛ ኮሚክስ አለ?

አለ፣ ግን ብዙ አይደለም። «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በእጣን ኮሚክስ ወጣ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚያሳይ ነው። መነሻው ደስ ይለኛል። መብረር ከመቻል በፊት ሥራ ማጣት አለ።

ባህር ዳር ላይ የታተመ ኮሚክስ ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መደርደሪያው የልቦለድና የፈተና መለማመጃ ነው። አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን ጠይቁ። አንዳንዴ ከእንግሊዝኛ መማሪያው ሥር ያልታሰበ ነገር ይወጣል።

በስልክ ማንበብ ይቻላል?

ይቻላል፤ አብዛኞቻችን በስልክ ነው የምናነበው። ግን ለወረቀት ገጽ የተሠራ ኮሚክስ ስልክ ላይ አንድ አንድ ሳጥን እያሳደጋችሁ ካነበባችሁት፣ የገጹ አጠቃላይ መልክ ይጠፋል። መጀመሪያ ገጹን ሙሉ እዩ፣ ከዚያ አሳድጉ። ለስልክ ተብለው የሚሠሩ፣ ወደ ታች እየጎተታችሁ የምታነቧቸው የኮሪያ ዌብቱኖች ደግሞ አሉ። እነሱ ላይ ገጽ የለም፤ በሥዕሎቹ መሃል ያለው ርቀት ነው ጊዜውን የሚነግራችሁ። ረጅም ባዶ ካያችሁ አንድ ነገር ሊመጣ ነው።

ልጄ ኮሚክስ ብቻ ነው የምታነበው። ልከልክላት?

ኧረ በፍጹም! ምን እንደምታነብ ግን እዩ፤ ለአዋቂ የተሠራ ብዙ አለና ሽፋኑን አይቶ ማመን አያዋጣም። አጠገቧ ቁጭ በሉና «እዚህና እዚህ መሃል ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቋት። የምትመልስላችሁን ስትሰሙ፣ ይቺ ልጅ ታነባለች ወይ የሚለውን ጥያቄ ትተዉታላችሁ።

መሳል አልችልም። ኮሚክስ መሞከር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አንድ ወረቀት ሁለቴ እጠፉት፤ አራት ሳጥን ወጣ። ሰዎቹ የክብሪት እንጨት ቢመስሉም ችግር የለውም። ርዕሱን ልስጣችሁ፦ በዝናብ ባጃጅ መያዝ። ቃል አትጻፉ።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፦ ሰው ቆሟል፣ ባጃጅ መጣ፣ ገባ፣ ሄደ። አራቱም ከአንድ ርቀት። ምንም አይልም። አሁን እንደገና ሞክሩ። አንደኛው፣ ዝናብ ውስጥ የተዘረጋ እጅ ብቻ። ሁለተኛው፣ ውሃ ረጭቶ የሚያልፍ ጎማ። ሦስተኛው፣ ጭቃ የነካው ነጭ ነጠላ። አራተኛው፣ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀው የተቀመጡ ሰዎች ዞረው ሲያዩ። አሁን ታሪክ ሆነ። ነጠላ የለበሰችው ሴትዮ ፊት አልተሳለም፣ ግን ሁላችሁም አያችሁት።

ንግግር ስታክሉ አንድ ምክር። መጀመሪያ ፊደሉን ጻፉ፣ ከዚያ ነው የንግግሩን ክብ ዙሪያውን የምትስሉት። ክቡን አስቀድመው የሚስሉ ሰዎች መጨረሻ ላይ ፊደሉን ጉንዳን ያሳክሉታል። ድምፅ ከፈለጋችሁም አትቸገሩ። በሩ ጓ ይበል፣ ብርጭቆው ቷ ይበል፣ ሰውየው ዘጭ ይበል። ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉት።

ሴት ነኝ። የትኞቹን ገዳማት ገብቼ ማየት እችላለሁ?

ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም ትገቢያለሽ። ናርጋ ሥላሴም እንደዚሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለሴት አይፈቀዱም፤ ጀልባ ከመያዝሽ በፊት እወቂው። አንዳንድ የጀልባ ሰዎች ሁሉንም እናሳያለን ብለው ዋጋ ይጠራሉ።

ፎቶ ማንሳትስ?

አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቢፈቀድም ፍላሽ አጥፉ። ጫማ ይወለቃል። አንዳንድ ሥዕሎች መጋረጃ አላቸው፤ ራሳችሁ አትግለጡ፣ መነኩሴው ይገልጡላችኋል። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይዞ መግባት ግን እስካሁን የከለከለኝ የለም። ዘጌ ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ሐይቁ ንፋስ ይበዛበታል።